«ድርቅ» በቀድሞ ጋዜጦቻችን፦ የረሃብ መሸፈኛ ነበር ወይስ ሌላም ሥራ ነበረው?

ወረቀት ፈላጊ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ የጋዜጠኝነት ጥናቴ በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የድሮ ጥራዞች በማንበብ ላይ እገኛለሁ። የምመለከታቸው በተለይ ከ1965 እስከ 1967 እና ከ1976 እስከ 1978 ዓ.ም. የታተሙትን ነው፤ ወሎና ትግራይ ሁለት ጊዜ ያለቁባቸውን ዓመታት ማለቴ ነው። ከገጽ ወደ ገጽ ስሸጋገር ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ቃል «ድርቅ» ነው። «በድርቅ የተጎዱ ወገኖች»፣ «የድርቅ ተጎጂዎች»፣ «በድርቁ ሳቢያ የተፈናቀሉ» የሚሉት ሐረጎች ከዜና ወደ ዜና ሳይለወጡ ይዘዋወራሉ። በዚህ አጻጻፍ ሰማይ ዝናብ ነፈገ ይባላል እንጂ ሰው ራበው አይባልም። ዝናብ በጠፋበትና ሰው በሞተበት ቀን መካከል ያለው ሁሉ፣ ማለትም የእህል ዋጋ፣ የከብት ሽያጭ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የባለሥልጣን መዘግየት፣ በአንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

የመጀመሪያ ግምቴ ይህ ሁሉ የሳንሱር ውጤት ነው የሚል ነበር። አማካሪዬ ግን «ቃሉ በማን አፍ ላይ እንደነበረና ለማን እንደጠቀመ ሳታጣራ አትቸኩል» ስላሉኝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። በዚያ ዘመን በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የሠራችሁ ካላችሁ፣ «ረሃብ» እንዳይጻፍ የሚከለክል ትእዛዝ ነበረን? የአጼው ዘመን ጋዜጣና የደርግ ዘመን ጋዜጣ ቃሉን የተጠቀሙበት በአንድ ዓይነት መንገድ ነውን? እኔስ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ስጽፍ በየትኛው ቃል ልጠቀም?

የቀድሞ አራሚ፦

ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ በመንግሥት ኅትመት ውስጥ በእርማት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከትእዛዙ ጉዳይ ልጀምር። «ረሃብ አትበሉ» የሚል የተጻፈ ወረቀት በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ አያስፈልግምም ነበር። የክፍለ ሀገር ዜና በአብዛኛው የሚመጣልን ከኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ነው። ዜና አገልግሎቱ ደግሞ የሚያገኘው ከአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች፣ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህም ከእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መግለጫ ነው። መግለጫው «በድርቅ የተጎዱ» ብሎ ሲመጣ አዘጋጁ ያንኑ ይጽፋል፣ አራሚው የፊደል ግድፈት ብቻ ይለቅማል። ቃል የሚመርጠው ዜናውን ጽፎ የሚልከው መሥሪያ ቤት እንጂ ጋዜጣው አልነበረም። ስለዚህ ጥናትዎ በጋዜጣው ገጽ ላይ ብቻ ከቆመ የቃሉን መነሻ አያገኙትም።

ሁለቱ ዘመናት ግን አንድ አይደሉም፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ቢሉ እወዳለሁ። በ1965 ዓ.ም. የነበረው ችግር የቃል ምርጫ ሳይሆን ዝምታ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ሲያሳዩና ተማሪው ሲያጉረመርም፣ ጋዜጣው ስለ ጉብኝትና ስለ ምረቃ ይጽፍ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ አልተቻለም። እኔ እንደምረዳው «ድርቅ» በመንግሥት ቋንቋ ውስጥ ሰፊ ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ዝምታው ተሰብሮ ሳለ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ገና አልተሰየመም ነበርና፣ ሹም የማይከሰስበት ቃል ለሁሉም ተስማማ። ከየካቲት 1966 ዓ.ም. የአብዮት ፍንዳታ በኋላ ለጥቂት ወራት ብዕር ሲፈታ ግን «ረሃብ» የሚለው ቃል ክስ ሆኖ ብቅ አለ።

ክሱን እስከ መጨረሻው የተጠቀመበት ደርግ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በአንድ ወገን የወሎ ሕፃን፣ በሌላ ወገን የግብር አዳራሽ ነበር። ያን ማታ ስለ ዝናብ ማንም አልተጨነቀም፤ ሰው የራበው ሌላው ስለጠገበ ነው የሚል ፍርድ ነበር የሚተላለፈው። ታዲያ ቃሉ መንግሥት እንደሚጥል በዓይኑ ያየ መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱ ተራ ሲደርስ በዚያው ቃል ሊጠራ አለመፍቀዱ ያስገርማልን?

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻና በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የነበረውን ዕትም ሲያዩ ይህን በአእምሮዎ ይያዙ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ተናግሯል። ጉዳዩ ታውቆ ነበር ማለት ነው። የጋዜጣው ፊተኛ ገጽ ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን) ምሥረታ ነበር የሚጠብቀው። የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ በዓሉ እስኪያልፍ ተከልክለው ቆዩ። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ከበዓሉ ወር ተኩል እንኳ አልሞላውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ያን ጊዜ በየአደባባዩ ከተሰቀሉት መፈክሮች አንዱ ጠላትን ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮንም በቁጥጥር ሥር እናውላለን የሚል መንፈስ የነበረው ነው። ተፈጥሮን አዝዛለሁ ያለ መንግሥት ሰው ሲያልቅ ጥፋቱን በተፈጥሮ ላይ አሳበበ። እኛ በእርማት ክፍል ያለነው ሰዎች ይህ ነገር አልጠፋንም ነበር፤ አንሥተን ግን አልተወያየንበትም።

የገበያ ተመልካች፦

የአራሚውን ማስረጃ በአድናቆት አንብቤአለሁ፤ ሆኖም «ድርቅ» በጋዜጣው ላይ ሁልጊዜ የማስመሰያ ቃል ነበር የሚል ግንዛቤ እንዳይተርፍ እሰጋለሁ። በ1976 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በእርግጥ ከሽፏል። ይህን የጻፈ ጋዜጠኛ ሐሰት አልጻፈም። ሐሰቱ የሚጀምረው ድርቁ የነገሩ መነሻ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ማብራሪያ ሲሆን ነው።

ለምን ማብራሪያ እንደማይሆን ሁለቱን ዘመናት ለየብቻ ብናይ ይገለጣል። ስለ 1965ቱ የወሎ እልቂት የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያሳየው ነገር ዛሬም ብዙ ሰው ይገርመዋል። በአገር ደረጃ ያን ዓመት የእህል ምርት ይህን ያህል አላሽቆለቆለም፤ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ከተለመደው እምብዛም አልራቀም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ማሳው ሲከሽፍበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አብሮ አጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ፍላጎት ደግሞ በገበያ ላይ አይታይም፣ ዋጋም አያስወድድም። እህል ጫኝ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ሰው በዚያው መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ይህን ሁኔታ «ድርቅ» በሚለው ቃል ለመግለጽ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

የአፋሩ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፤ በጋዜጣ ላይም በጭራሽ ተገቢ ቦታ አላገኘም። አፋሮች በበጋ ከብታቸውን ይዘው የሚወርዱበት የአዋሽ ዳር የግጦሽ መሬት፣ እንደ ተንዳሆ ላሉ የጥጥ እርሻዎች ተሰጥቶ ነበር። ዝናብ መቅረት ለአርብቶ አደር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲቀርበት የሚሄድበት ወንዝ ዳር ነበረው። ወንዙ እየፈሰሰ፣ ጥጡ እየለመለመ፣ ከብቱ አጥር ውጭ አለቀ። ጥራዞቹን ሲያገላብጡ ስለ ጥጥ ምርት እድገት የተጻፉትን ዜናዎች ከድርቁ ዜናዎች ጎን ቢያስቀምጡአቸው ለጥናትዎ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ወደ 1977 ስንመጣ ደግሞ ከዝናቡ በላይ ጦርነቱ አለ። በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚካሄደው ዘመቻ ገበያ በተነ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አውራጃ መሄድን ከለከለ፣ ማሳና ጎተራ አጠፋ። በዚህ ላይ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነ ዋጋ እህል የማስገባት ግዴታ ነበረበት፤ ነጋዴውም ከትርፍ አምራች አካባቢ እህል ወደ ተቸገረው እንዳያደርስ በኬላና በፈቃድ ታስሮ ነበር። «ድርቅ» የሚለው ቃል ትልቁን ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከድርቅ የሸሸ ሰው በሠፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቢወሰድ ነገሩ ከደረቅ ወደ ለም መሬት መሄድ ይመስላል፤ ከጦርነት የሸሸ ሰው ተጭኖ ቢወሰድ ግን ሌላ ስም ይኖረዋል። እዚህ ላይ ጋዜጣው ቃሉን መቅዳት ብቻ አይደለም ያደረገው፣ ለፖሊሲ ምክንያት ሰጥቷል። አራሚው «ቃል የሚመርጠው መሥሪያ ቤቱ ነው» ያሉትን ለዜናው እቀበላለሁ፤ ለርእሰ አንቀጹ ግን አልቀበልም። ርእሰ አንቀጽ የሚጻፈው በጋዜጣው ቤት ነው።

የላስታዋ፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመንግሥትና ከጋዜጣ ውጭ ያለ አንድ ጎን ግን ቀርቷል፤ እኛ ራሳችን ምን እንል እንደነበር ማለቴ ነው።

በእኛ አገር ዓመቶቹ ስም አላቸው። ከምኒልክ ዘመን የመጣው፣ ከብት በሽታ ጠርጎት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው «ክፉ ቀን» ይባላል፤ የኋለኛው ደግሞ «ሰባ ሰባት» ብቻ ተብሎ ይጠራል፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ረሃብ» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎቻችን ስለ ሌላ አገር ወይም በጸሎት ጊዜ ሲጠሩት እሰማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከረሃብ፣ ከቸነፈር እንድንጠበቅ ትለምናለችና። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ግን «ቸገረን»፣ «ዘመኑ ከፋብን»፣ «ተሰደድን» ይላሉ። ጎተራ የነበረው፣ እንግዳ ተቀብሎ የሚያበላ የነበረ አባወራ ልጆቹን ማብላት አቃተው ብሎ በአፉ መናገር ውርደት ነው።

ስለዚህ «ድርቅ» ከራዲዮና ከእርዳታ ጣቢያ መዝገብ ወደ እኛ ሲመጣ ሰው ሳይገፋው የተቀበለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። «በድርቅ ተጎዳሁ» ያለ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ ለማኝም አይባልም፤ በረዶ ወይም አንበጣ እንደደረሰበት ሰው ነው የሚቆጠረው። መንግሥት ቃሉን የፈለገው ራሱን ከተጠያቂነት ለማውጣት ሊሆን ይችላል፤ ተጎጂው ደግሞ ክብሩን ለማትረፍ ፈልጎታል። እርግጥ ነው፣ የገበያ ተመልካች እንዳሉት በጦርነቱ ምክንያት የተሰደደውም በዚያው ቃል ተመዝግቧል፤ ሌላ ቃል ቢናገር ስንዴውን ማን ይሰጠው ነበር?

ወረቀት ፈላጊ፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእህታችን የላስታዋ ነጥብ የጥናቴን አቅጣጫ ሊለውጠው ይችላል፤ ቃሉን ከላይ ወደ ታች የወረደ ብቻ አድርጌ ነበር የምመለከተው። ለጋሽ አራሚ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ በተለይም የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲበዙ፣ ይህ ልማድ ተለወጠን? እንዲሁም በጥራዞቹ ውስጥ «ረሃብ» የሚለውን ስፈልግ ካሰብኩት በታች ነው ያገኘሁት፤ ፍለጋዬ ስሕተት ይኖረው ይሆን?

የቀድሞ አራሚ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። የሚፈልጉት በየትኛው ፊደል ነው? በዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይህ ቃል «ረሃብ»፣ «ረሀብ»፣ «ርሃብ»፣ «ረኃብ» እየተባለ ይጻፋል፤ በቆየው አጻጻፍ ደግሞ «ራብ» ይባላል። የግእዙን ሥር የሚጠብቅ አዘጋጅ «ኃ»ን ይመርጣል፤ እንደ አነጋገሩ የሚጽፈው «ራብ» ይላል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከቆጠሩ ቁጥርዎ ያንሳል። «ችጋር»ንና «ጠኔ»ንም አይርሱ። «የምግብ እጥረት» የሚለውንም ለብቻው ይቁጠሩት፤ እርሱ ከ«ድርቅ» ጋር ተባብሮ የሚሠራ ሌላ ሐረግ ነው። ዝናብ የለም በማለት ፋንታ ምግብ አነሰ ይላል፤ ማን እንዳጣው ግን አይናገርም።

ስለ ርእሰ አንቀጹ የገበያ ተመልካች ያሉት ትክክል ነው፤ ርእሰ አንቀጽ በእጃችን ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ዜናውንና ርእሰ አንቀጹን በአንድ መዝገብ አይደምሩአቸው።

ከ1983 በኋላ ስላለው፣ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን ከሻረ ወዲህ የግል ጋዜጦች «ረሃብ» የሚለውን ያለ ፍርሃት ጽፈውታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ለመንግሥት መውቀሻ ብለው ከሚገባው በላይ ጽፈውታል። የመንግሥቱ ቋንቋ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። የተቋሞቹን ስም ብቻ ይከተሉ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የነበረው የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ኋላም የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር የሚል ስም ያዘ። እርዳታ ይባል የነበረው ዝግጁነት፣ ቀጥሎም ስጋት ሆነ፤ ረሃብ ግን በአንዱም ስም ውስጥ አልገባም። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው የሚነገረው የባሕር ውኃ ሲሞቅ ዝናብን ስለሚያዛባው ስለ ኤልኒኞ ነበር። በእርግጥ የዝናቡ መዛባት ከባድ ነበር፣ እንደ 1977ም ሰው አላለቀም፤ ለዚህም የሴፍቲኔቱ (ለድሃ ቤተሰቦች በየጊዜው የሚሰጠው ድጋፍ)፣ የመንገዱና ፈጥኖ እህል የመግዛቱ ሥራ ድርሻ አለው። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ችግር ተጨምሯል። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና አጋሮቻቸው የምግብ ቀውስን በአምስት ደረጃ ይመድባሉ። አምስተኛውን፣ እኛ «ረሃብ» ብለን የምንተረጉመውን፣ ለአንድ አካባቢ ለማወጅ ሦስት መለኪያ ያስፈልጋል። ከመቶ 20 ቤተሰብ ለከፋ የምግብ እጦት መጋለጥ አለበት፤ ከሕፃናቱ ከመቶ 30 የሚሆኑት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዱ መሆን አለባቸው፤ ከ10,000 ሰው በቀን ሁለት ሰው በዚሁ ሳቢያ መሞት አለበት። በአማርኛ ግን ምሳውን የዘለለ ልጅም «ራበኝ» ይላል፣ አገር ያለቀበትም «ረሃብ» ይባላል። ጋዜጠኛው በሕዝቡ ቋንቋ «ረሃብ» ሲጽፍ ባለሥልጣኑ በመለኪያው ቋንቋ «ረሃብ የለም» ብሎ ያስተባብላል፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ትክክል ነን ይላሉ። ይህ ልዩነት ቢብራራ ለጥናትዎ መደምደሚያ ሳይሆን ለመግቢያው የሚጠቅም ይመስለኛል።

በምን ቃል ልጻፍ ላሉት፣ ጋዜጣው ያለውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይተዉት፤ አያርሙት። በራስዎ ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ግን ስለ ዝናቡ የሚናገሩ ከሆነ «ድርቅ» ይበሉ፤ ስለ ሰዎቹ የሚናገሩ ከሆነ «ረሃብ» ይበሉ። ከፊተኛው ገጽ ይልቅ በውስጥ ገጾች ላይ ትንንሽ ሆነው የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ያንብቡ፤ የእህል ጨረታውን፣ የመኪና ኪራዩን፣ የኮሚሽኑን የሠራተኛ ቅጥር ይፈልጉ። በፊተኛው ገጽ በዓል በሚከበርበት ሰሞን የቀን ሠራተኛና የመጋዘን ጠባቂ በብዛት የሚፈለግበትን ከተማ ካገኙ፣ ጋዜጣው በቃል ያልተናገረውን በማስታወቂያ ተናግሮት ሊያገኙት ይችላሉ።

የገበያ ተመልካች፦

የማስታወቂያው ሐሳብ ግሩም ነው። ከአዲስ ዘመን ጎን በእንግሊዝኛ የሚታተመውን የኢትዮጵያን ሄራልድንም ይመልከቱ፤ የአንድ ቀን ሁለቱን ዕትሞች ጎን ለጎን ማንበብ ለአገር ውስጥ አንባቢና ለውጭ ለጋሽ የተነገረው አንድ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ከመጋቢት 1976 ዓ.ም. የለጋሾች ስብሰባ ሳምንት ቢጀምሩ ጊዜ ይቆጥባሉ።